መኪና ግርግር ላይ የተሸኘው ኮንትራባስ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። የሙስሊሞቹ ረመዳን አልፎ የእኛ ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ተቃርቦ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በሐረር ጁገል ውስጥ ሳልፍ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ በድንገት ቆም ካለ ልቤም አብሮ ቆም ይላል። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ጓደኞቼ "ለእኛ ብቻ ከምታወሪው ጻፊው" ስላሉኝ እንደሆነው አድርጌ ጽፌዋለሁ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሐረር የመጣሁት ለሥራ ሲሆን በአንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ። የምኖረው አቦከር ሰፈር ውስጥ ተከራይቼ ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም። እናቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "እድር ገባሽ ወይ?" እኔም "እገባለሁ እማዬ" እላታለሁ። "እገባለሁ ስትይ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን አለሽ? ማንስ ያነሣሻል?" ትለኛለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ሰው አገር ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከማስተማሩ ሌላ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጃዝ እንጫወታለን። እኔ የምጫወተው ኮንትራባስ ነው፤ ደብል ቤዝ የሚሉትም አሉ። ለማያውቀው ሰው ቫዮሊን አድጎ አድጎ ሰው ሲያክል፣ ከዚያም ሰውን በልጦ ሲቆም ማለት ነው። "ቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሴት ከዚህ ግንድ ጋር ምን ያታግላታል?" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያደግሁት የጎረቤታችንን በገና እየሰማሁ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ስሰማ ደረቴ ይረጋል። በጾም ለሕዝብ አልጫወትም። ጣቴ እንዳይደነዝዝ ያህል ብቻ በሬን ዘግቼ እለማመዳለሁ።

ችግሩ በዚያ ጾም የምለማመድበትም አልነበረኝም። ስንጫወትበት የቆየነው መሣሪያ የውሰት ነበር። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ፊቱም ጀርባውም ከወጥ እንጨት የተሠራ። ግን አንዴ ድሬዳዋ ይዘነው ወርደን ሙቀቱ ሲመታው ፊቱ ከላይ እስከ ታች ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ባለቤቱ መልካም ሰው ስለሆነ አልተቆጣንም፤ ጠቅልሎ ለማሠራት ይዞት ሄደ።

ለፋሲካ ሰሞን ድሬዳዋና ጅጅጋ እንድንጫወት ተጠርተናል። የቡድናችን መሪ ሳምሶን ፒያኖ ነው የሚጫወተው። "እስከዚያ ካላገኘሽ ቤዙን በግራ እጄ ኪቦርድ ላይ እሸፍነዋለሁ" አለኝ። እሱ ያለው እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነበር። አንዴ ያለ እኔ መጫወት ከለመዱ ማን ይጠራኛል? በዚህ ከተማ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው የማገኝበት ቦታዬ ይኸው ቡድን ብቻ ነው።

ያጠራቀምኩት ነበረኝና መሣሪያ ፍለጋ ጀመርኩ። ሁለት ተገኙ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ ወጥ እንጨት ነው። ሻጩ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ጀርባው እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ሆኖ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው እዚሁ ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ የኮምፔንሳቶ ነው። ስስ ስስ እንጨት በኮላ ተደራርቦ ተጣብቆ የሚሠራው ማለት ነው። ዋጋው እኔ የምችለው ነበር።

ሳምሶን ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። "ኮምፔንሳቶ? ታዲያ አናጺ ቤት ሄደሽ አልጋና ቁም ሣጥን አብረሽ እዘዢያ! በትርፉ ኮመዲኖ ይመርቁልሻል።"

"አንተ ፒያኖህን በጀርባህ ተሸክመህ አውቶቡስ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አቦ ተይው፤ እንጨት እንጨት ነው፣ ኮምፔንሳቶ ኮምፔንሳቶ ነው።"

እኔ ግን ነገር ሳላመዛዝን አልሠራም። ወጥ እንጨት በደጋን ሲከረከር ድምፁ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። እኛ ግን ጃዝ ነው የምንጫወተው፤ ብዙውን ጊዜ በጣት ነው የምመታው፤ ያውም ከአምፕሊፋየር ጋር። ኮምፔንሳቶ አምፕሊፋየር አጠገብ ቶሎ ማፏጨት አይጀምርም። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበትም እንደዚያኛው አይሰነጠቅም። ሐረር ብርድ ነው፣ ድሬ እሳት፣ ጅጅጋ ነፋስና አቧራ። ለዚህ መንገድ የሚሆነው የትኛው ነው?

የንስሐ አባቴንም አማከርኳቸው። ስለ መሣሪያ ምንም አያውቁም። ሁሉንም አስረዝሜ ከነገርኳቸው በኋላ "ልትሄጂበት ነው ልታሳዪበት?" አሉኝ።

"ልሄድበት ነው አባቴ።"

"እንግዲያው ለመንገድ በቅሎ እንጂ የሰልፍ ፈረስ አይገዛም" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ልቤ ያን ጊዜ ወሰነ።

የጁገሉን መሣሪያ የምትሸጠው ኢክራም የምትባል ሐረሪ ነጋዴ ናት። መሣሪያው የወንድሟ ነበር፤ ወንድሟ ውጭ ከሄደ ወዲህ ፎቅ ላይ በር ጥግ ቆሞ ቀርቷል። ቤታቸው ከግድር መጋላ ወደ ታች፣ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ መረመርኩት። ዙሪያውን በጣቴ አንኳኳሁ፤ የተላቀቀ ካለ ድምፁ ይለወጣልና። በስልኬ መብራት ሆዱን አየሁ። አንገቱ ጠምሞ እንደሆነ ባንድ ዓይኔ አነጣጠርኩ። ኮላውን አሸተትኩ። የኢክራም እናት መደቡ ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ሲያዩኝ ቆዩና፣

"ልጄ፣ እኔ ባሌን ሳገባ እንኳ እንዲህ አልመረመርኩትም" አሉኝ።

"ባልማ ቢሰነጠቅ ሽማግሌ አለው እማማ" አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ድምፁ እንደ ወጥ እንጨት አያስተጋባም። ግን ክብና ግልጽ ነው፤ ሲመቱት ቶሎ ይናገራል። ተስማማን። ኢክራም ወደ ሱቋ ስለቸኮለች ተመራርቀን ቀድማን ወጣች።

የመሣሪያው ሽፋን አይጥ በልቶት ስለነበር ምን እናልብሰው አልኩ። እናቷ ከሣጥናቸው ትልቅ አረንጓዴ ጨርቅ አውጥተው "ደመና ስላለ ካፊያ እንዳይነካው፤ ጨርቁን ሌላ ቀን ትመልሺዋለሽ" ብለው ሰጡኝ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከፎቅ አልወረዱም። ታች የሆነውን አላዩም።

ታች የሆነው ይህ ነው። ይዣቸው የመጣሁት ሁለት ተሸካሚዎች ነበሩ። አንደኛው ቶላ ይባላል፤ ዕቃ ስገዛ ሁልጊዜ የምጠራው ደንበኛዬ ነው። መሣሪያው ለጀርባ አልመች፣ ለትከሻ አልመች አላቸው። ቶላ ዞር ዞር ብሎ ከጎረቤት የእንጨት መሰላል ተውሶ መጣ። መሣሪያውን መሰላሉ ላይ በጀርባው አጋድመን በገመድ አሰርነው። አረንጓዴውን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አለበስነውና ጫፍ ጫፉን ሸጎጥነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው በእጃቸው አንጠልጥለው ተነሡ። እኔ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ ከኋላ ተከተልኩ።

ይህን ስጽፍ አሁን ለእናንተ ወዲያው እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ለእኔ ግን አልታየኝም። የእኔ ዓይን የሚያየው ዕቃዬን ብቻ ነበር። የመንገዱ ድንጋይ ያዳልጣል። እንዳይወድቅብኝ አንገቴን ደፍቼ "አቤቱ ጠብቅልኝ" እያልኩ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

የታሰበው መኪና ግርግርን አልፈን ፈረስ መጋላ ላይ ወደሚጠብቀን መኪና መድረስ ነው። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ሰው ጮክ ብሎ ካልተናገረ አይሰማማም።

እዚያ ስንገባ የመጀመሪያው መኪና ድምፁ ቆመ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ማዶ ያለው። እኛ በተራመድን ቁጥር ከፊታችን እየቀደመ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለ። እኔ መብራት የጠፋ መሰለኝ።

አንድ ሰፊ ከወንበሩ ተነሣ፤ ኮፍያውን አስተካክሎ መጣና ምንም ሳይናገር የቶላን ጎን ያዘ። ሌላው መጣ። ሌላም። መሰላሉን ከእጅ ወደ ትከሻ ከፍ አደረጉት። ቶላም ጓደኛውም ቦታቸውን ለቀቁ። እኔ ምን ልበል! ልቤ በደስታ ሞላ። ይህን ሁሉ ዘመን ሐረሬ ደግ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ለሰው ዕቃ ሥራ ጥሎ የሚነሣ ሕዝብ ግን አይቼ አላውቅም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ" እያልኩ ለያንዳንዱ አንገቴን ሰበር አደረግሁ። እነሱም አንገታቸውን ደፉልኝ።

ሰዉ እየጨመረ ሄደ። አንዱ ትንሽ ተሸክሞ ለሌላው ይለቃል፤ ሌላው ሮጦ ይገባበታል። የሚሻሙበት ይመስላል። እርምጃቸውም ፈጠነ። እኔ ከኋላ ሱክ ሱክ እያልኩ "ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ አድርጉት!" እላለሁ። አጠገቤ የነበረ ሰው በሐዘኔታ አየኝና ለራሱ እንደሚያወራ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ።

ይህን ቃል ሰምቼው አውቃለሁ። የቤት አከራዬ ወንድም የሞተ ዕለት ግቢያችን ሙሉ ሲሉት ነበር።

ቀና ብዬ እንደ ሌላ ሰው አየሁት። በትከሻ የተያዘ ቃሬዛ። አረንጓዴ ጨርቅ። ከጨርቁ ሥር ሰው የሚያክል ነገር፤ ትከሻም ወገብም ያለው። ከኋላው ነጠላዋን ተከናንባ ከንፈሯ የሚንቀጠቀጥ ሴት።

ጀናዛ፣ የሰው አስከሬን መስሏቸው ነው የተሸከሙት። ለማያውቁት ሟች፣ ስሙን ሳይጠይቁ ሥራቸውን ጥለው ነው የተነሡት። ለእነሱ ይህ አጅር፣ ከአላህ ዋጋ የሚያስገኝ ነገር ነው፤ ጀናዛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም።

"ቆይ፣ ወንድሞቼ፣ ስሙኝ፣ ሰው አይደለም!" አልኩ።

"ሶብር አድርጊ፣ ቻይው እህቴ" አለኝ ያ ሰው። "እንዲህ አይባልም።"

"እውነቴን ነው! ሰው አይደለም፤ ዛሬ የገዛሁት ነው!"

ሁለት ሰዎች ተያዩ። "ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ሌላው ደግሞ "አቦ፣ እናቴ፣ አንቺ ከዚህ ተመለሺ፤ ሴት ጀናዛ አትከተልም፤ እኛ እናደርሰዋለን" አለኝ።

"እንዴት እመለሳለሁ! የእኔ ነው እኮ!"

"የሁላችንም ነው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ለሚያዝንልህ ሰው ምን ትለዋለህ?

ቶላን ፈለግሁት። በሰዉ መካከል አይታይም። እንደዚያ ስዋከብ ሰልፉ ወደ ፈረስ መጋላ በመቀጠል ፈንታ ወደ ግራ ታጠፈ። ወደ መስጊዱ። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ደርሷል፤ ለካ ከሶላት ጋር ሊያሰግዱበት ነው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት መግለጽ አልችልም። ክርስቲያን ነኝ፤ ሰው አገር ነኝ። የጃዝ መሣሪያዬን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍኜ መስጊድ ደጃፍ አምጥቻለሁ። ጨርቁን ብገልጠው በሃይማኖታቸው የቀለድኩ ይመስላቸዋል። ባልገልጠው ደግሞ ቆመው ሊጸልዩበት ነው፤ ይህ ከዚያም የከፋ ኃጢአት ነው። "እመቤቴ ማርያም፣ የምይዘውን አሳዪኝ" አልኩ።

መስጊዱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ሰልፉን በእጃቸው አስቆሙ። ሐጂ ዩስፍ እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። የሟቹ ቤተሰብ የት እንዳለ ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ አመለከተ። እሳቸውም ቀረብ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ጀናዛው የወንድ ነው የሴት? ለዱዓው ማወቅ አለብን" አሉኝ።

ወንድ ነው አልል፣ ሴት ናት አልል። "አባቴ፣ እርስዎ… እኔ…" ብዬ ቀረሁ።

በዚህ መሐል ከፈረስ መጋላ በኩል አንድ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ሰፊ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የገዛው የክር ጥቅልል ከእጁ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ይንከባለላል፤ አላነሣውም። ስሙ ረምዚ ነው። በኋላ እንደሰማሁት አባቱ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ የተኙትም እኛ በመጣንበት ሰፈር ነው።

"ከየት ነው የመጣው?" አለ። አንዱ "ከታች፣ ከእናንተ በኩል" አለው።

ረምዚ ፊቱ አመድ መሰለ። "አባቴ ነው? ደብቃችሁኝ ነው?" አለ። "ለእኔ ሳትነግሩኝ ልታሰግዱበት ነው?"

ማንም አልመለሰለትም፤ ማንም አያውቅምና። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ ተደብቆ ነው የሚቆየው፤ የሰው ዝምታ ለሐዘንተኛ መልስ ነው። ረምዚ ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደው። "ያ አባ!" ብሎ መሰላሉ ላይ ተጠመጠመ።

የዚያን ሰው ፊት ሳይ የእኔ እፍረት ከየት እንደ ጠፋ አላውቅም። እየተጋፋሁ ገባሁና የጨርቁን ጫፍ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት።

"አባትህ አይደሉም! ማንም አይደለም! ማንም አልሞተም፤ ሙዚቃ መጫወቻ ነው፤ ይኸው እየው!"

ጨርቁ ሲገለጥ ጠመዝማዛው ራስና ረጅሙ አንገት ወጣ። ከፊት የተሸከሙት ደንግጠው ሸሸት አሉ፤ ከኋላ ያሉት አላወቁም። መሰላሉ ዘመመ። መሣሪያው ከገመዱ ሾልኮ ተንሸራተተና በጎኑ የበሩን የድንጋይ ደረጃ መታ። "ድም!" አለ። አራቱም ክሮች አንድ ላይ ጮኹ። ድምፁ በጠባቡ መንገድ ግድግዳ ላይ ሲመላለስ ቆየ።

ሰው ሁሉ ሐጂ ዩስፍን ያያል። እኔም እሳቸውን አያለሁ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው መሣሪያውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ከዚያ ረምዚን አዩ። ረምዚ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል። የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ አይለይም።

"ለአባትህ ደውል" አሉት ሐጂ።

ስልኩን አውጥቶ አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠ፤ ሰውየው ደወለለት፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ከዚያ አንድ የታከተ የሽማግሌ ድምፅ በሐረሪኛ ቱግ ቱግ አለ። አልገባኝም፤ ሰዉ ግን በሳቅ ፈነዳ። አጠገቤ ያለው ሰው ተረጎመልኝ፤ "ክር ልትገዛ ሄደህ ክሩን ራስህ ልትፈትል ነው እንዴ፣ ሾርባዬ ቀዘቀዘ ነው የሚሉት።"

ሐጂ ዩስፍ ያን ጊዜ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ለሰዉ ዞረው "አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ የሞተ ሰው የለም!" አሉ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰማሁት፤ "የሞተ የለም… የሞተ የለም… አልሐምዱሊላህ…" እስከ መኪና ግርግር ድረስ። እኔም በልቤ "ተመስገን ጌታዬ" አልኩ። አንድ ነገር ነው ያልነው።

"አባቴ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ለማላገጥ አይደለም። አላወቅሁም ነበር።"

"ምኑን ይቅር ልበልሽ? ሰዎቹ ለሞተ ወንድማቸው ብለው ነው ትከሻ የሰጡት። ኒያው፣ የልባቸው ሐሳብ ነው ዋናው፤ አጅራቸው የትም አይሄድም። ይልቅ እኛ ሶላታችንን እንስገድ፤ አንቺ ይህን…" ብለው ስሙን ፈለጉት፤ "ይህን ታማሚሽን ፈረስ መጋላ ወስደሽ እይው።"

አንድ ወጣት ሰፊ ታዲያ "ሐጂ፣ ከነሕይወቱ ልንቀብረው ነበር እኮ!" አለ።

"አንተንም አንድ ቀን ሥራ ላይ ተኝተህ ሲያገኙህ እንዳይቀብሩህ" አሉትና ወደ ውስጥ ገቡ።

ቶላና ጓደኛው ያን ጊዜ ብቅ አሉ። አንድ ጥግ ውኃ ሲጠጡ ነበር። "የት ጠፋችሁ?" ብዬ ጮኽኩባቸው። ቶላ ዓይኑን አፍጦ "እትዬ፣ ዘመዶችሽ መጥተው ተቀበሉን ብለን ነዋ!" አለ።

ፈረስ መጋላ ላይ መሣሪያውን አቁሜ መረመርኩት። ለድሬዳዋ ጉዞ ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። የመታው ቦታ ጎኑ ላይ ገባ ብሏል፤ ቀለሙ ተልጦ ተደራርቦ የተጣበቀው እንጨት እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠርዝ ይታያል። ስንጥቅ ፈለግሁ። በጣቴ ዙሪያውን አንኳኳሁ፤ ድምፁ አልተለወጠም። ሆዱን በመብራት አየሁ፤ ደህና ነው። ያ የነብር ቆዳ የሚመስለው የአዲስ አበባው ቢሆን ኖሮ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ እቤቴ ማገዶ ሆኖ ይገባ ነበር።

ከዚያ ወፍራሙን ክር ሳብ አድርጌ ለቀቅሁት። ድምፁ ወጣ፤ ክብና ንጹሕ። ቶላ ጭንቅላቱን ነቅንቆ "ይሄማ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው" አለ። እኔ መኪናው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። እንዲያው ጭንቀቱ ሲለቀኝ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም።

በሳምንቱ አረንጓዴውን ጨርቅ አጥቤ ተኩሼ ለኢክራም እናት መለስኩ። ታሪኩን ስነግራቸው መደቡ ላይ ሊወድቁ ነበር የደረሱት። ስመለስ በመኪና ግርግር አለፍኩ። ልሹለከለክ አስቤ ነበር፤ ረምዚ ግን አየኝ።

"ነይ አንቺ፣ የማትሞተዋ!" ብሎ ጠራኝ። "ያ ጓድሽ አሁንም ራቁቱን ነው?"

ወፍራም ሸራ ገዝቼ መሣሪያውን አመጣሁለት። በሜትሩ እንደ ሰው ለካው፤ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ አንገቱን። አባቱ ድነው ሱቁ በር ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። "በእኔ ፈንታ ልትቀበር የነበርከው አንተ ነህ?" ብለው መሣሪያውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ረምዚ ማንጠልጠያ ያለው፣ ውስጡ ስፖንጅ የገባበት ልብስ ሰፋለት። ቀለሙን ራሱ ነው የመረጠው፤ ደማቅ ቀይ። "ይህን ለብሶ መቃብር የሚሄድ የለም" አለኝ።

ፋሲካ ሰሞን ድሬዳዋ ወረድን፤ ከዚያም ጅጅጋ። አውቶቡስ ላይ ከሻንጣ ሥር ተኛ፤ ሙቀት መታው፤ አቧራ ለበሰ። ሳይሰነጠቅ ሄዶ ሳይሰነጠቅ ተመለሰ። ሳምሶን ስለ ቁም ሣጥን ማውራት ትቷል፤ እንዲያውም ሲያስተዋውቀን "ከሞት የተነሣው" እያለ ይጠራዋል። ይህን አትበል ብዬ ተቆጥቼዋለሁ፤ አይሰማም። ጎኑ ላይ ያለውን ጉዳት ግን አላስጠገንኩትም። ስጫወት ግራ ጉልበቴ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። መጀመሪያ በጣም ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች።

"ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ነው የተሸከሙት?" አለችኝ።

"ሳይጠይቁ ነው።"

"ልብስ ስፌታቸውን ጥለው?"

"ጥለው።"

እድርም በኋላ ገብቻለሁ። ግን እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ "ማን ያነሣሻል?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ስልኩን ስዘጋ ሆዴ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።